የ1967 ነጋሪት ጋዜጣ ኦርጅናሉ የት ይገኛል? (የአያቴ ቤት ጉዳይ፣ አዋጅ ቁጥር 47)

የጉለሌዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የሕግ ሰዎችም ቤተ መጻሕፍት የሰሩ ሰዎችም እንዳላችሁ አይቻለሁ፣ ለዛ ነው እናንተን ልጠይቅ የመጣሁት። አሳጥሬ ልጽፈው አስቤ ነበር አልሆነልኝም፣ ታገሱኝ።

አያቴ ጉለሌ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት ነበራት። የፊተኛው እሷ ከነልጆቿ ምትኖርበት፣ የኋለኛው ደሞ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ታከራየው የነበረ። በደርግ ጊዜ የኋለኛው "ትርፍ ቤት" ተብሎ ተወረሰ፣ ይሄን ሁላችንም እየሰማን ነው ያደግነው። አሁን እናቴ ለፊተኛው ቤት ካርታ ላውጣ ብላ ስትሄድ አንድ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰውዬ "ግቢው በሙሉ በአዋጅ የተወረሰ ነው፣ እናንተ እዚህ ምንም መብት የላችሁም" አላት። በየትኛው አዋጅ ስትለው "በአርባ ሰባት" አለ በቃ። እስቲ ጽሑፉን አሳየኝ ስትለው የለኝም አላት። በእጁ በሌለ ወረቀት ነው እናቴን አስለቅሶ ወደ ቤት የሰደዳት።

ማታ የአያቴን ሳጥን ስንበረብር በ1969 የተጻፈ የካርቦን ቅጂ ደብዳቤ አገኘን። ወረቀቱ ስስ ነው ብርሃን ያሳልፋል፣ ማህተሙ ሐምራዊ፣ አንዱን ጠርዝ አይጥ በልቶታል። "በአዋጅ ቁጥር 47 መሠረት በወር ብር 35 ይከራይ የነበረው ቤት" ይልና የሚቀጥለው መስመር ልክ እጥፋቱ ላይ ስላረፈ ተፍቆ ጠፍቷል። የአዋጁ ዓመተ ምህረት የለም፣ አንቀጽም አይጠቅስም።

ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሦስት ነገር ነው ያገኘሁት፣ አንዱ ሌላ ዘመን የወጣ ሌላ ቁጥር 47፣ አንዱ ሰው በራሱ ታይፕ ያረገው የወርድ ፋይል ከአንቀጽ 12 ዘሎ 15 ላይ ሚያርፍ፣ ሦስተኛው ደሞ እንግሊዝኛው ብቻ ሚታይ የተቆረጠ ፎቶ። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ "ኦርጅናሉን በ3 ሺህ ብር አመጣልሻለሁ" ብሎኛል፣ እናቴ ደሞ ክፈይና ይምጣ እያለችኝ ነው።

እባካችሁ ይሄ ነገር በነጻ ሚታይበት ቤተ መጻሕፍት አለ ወይ? ስሄድስ ምን ብዬ ነው ምጠይቀው? ከዚህ በፊት ለትምህርት ካልሆነ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አላውቅም።

ችሎት፦

እህቴ 3 ሺውን ብር እንዳትከፍዪ። ሕግ የሕዝብ ነው፣ ማንም በእጁ ይዞ ሊሸጥልሽ አይገባም።

መጀመሪያ ግን ቁጥሩን ላስረዳሽ፣ ብዙ ሰው ሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ፣ መንግሥት ሕጎቹን ሚያትምበት ጋዜጣ ማለት ነው፣ መውጣት የጀመረው በ1934 ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1/1934 ራሱ ጋዜጣውን ያቋቋመው አዋጅ ነው። ግን የአዋጅ ቁጥር መንግሥት በተቀየረ ቁጥር ከ1 ይጀምራል። ደርግ ሲመጣ 1/1967 አለ፣ ኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሲታወጅ 1/1980 አለ፣ የሽግግር መንግሥቱም እንደገና ጀመረ፣ ፌዴራሉ ደሞ 1/1987 አለ። ስለዚህ "አዋጅ 47" ብቻ ያለሽ ሰው ምንም አልነገረሽም ማለት ነው፣ ልክ "ተስፋዬ ሚባል ሰው ፈልጊልኝ" እንደማለት ነው። ያንቺ 47/1967 ነው፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው፣ ቀኑም ሐምሌ 19 ቀን 1967።

አሁን ደሞ ሕግ ትምህርት ቤት እያለሁ አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ያስተማሩኝን ልንገርሽ፣ እስካሁን ስጠቀምበት አንድም ቀን አላሳፈረኝም። የአዋጁ ቁጥር እንደገና ይጀምር እንጂ የጋዜጣው "ዓመት" አልተቋረጠም። 1934 አንደኛ ዓመት ነው፣ ከዛ ንጉሡ ወርደው ደርግ መጥቶ፣ ደርግም ወርዶ ሽግግሩ እስኪያልፍ ድረስ ቆጠራው ቀጥሏል። ስለዚህ ከዓመተ ምህረቱ ላይ 1933 ትቀንሺያለሽ። 1967 ሲቀነስ 1933 ስንት ነው? 34። በቃ ያንቺ አዋጅ 34ኛ ዓመት ውስጥ ነው ያለው፣ ቁጥር 41 ላይ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ብትይ የ1952 ነው፣ 19ኛ ዓመት። የሽግግሩ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 42/1985 ደሞ 52ኛ ዓመት። ከ1987 በኋላ "ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ" ሆኖ ቆጠራው አዲስ ስለጀመረ 1986 ነው ምትቀንሺው፣ ለምሳሌ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 25ኛ ዓመት ላይ ነው። ይሄን ከያዝሽ የትኛውም ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ የቱን ጥራዝ እንደምትፈልጊ ታውቂያለሽ።

ሌላው፣ የታወጀበት ቀንና ጋዜጣው የወጣበት ቀን ሁሌ አንድ አይደለም። የገጠር መሬት አዋጁን 31/1967 ውሰጂ፣ ሁሉም ሰው የካቲት 25 እያለ ነው ሚጠራው፣ ጋዜጣው ላይ ግን ሚያዝያ 21 ነው። በቀን ብቻ ስትፈልጊ እንዳትጠፊ።

ካታሎግ፦

ልጄ እንኳን ጠየቅሽ። እኔ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ረጅም ዓመት ቤተ መጻሕፍት ነው የሰራሁት፣ አንቺ የያዝሽው ዓይነት ወረቀት ይዘው ሚመጡ እናቶችና አባቶች ብዙ አይቻለሁ። አንዳንዶቹ በር ላይ ሲደርሱ ይፈሩና ይመለሳሉ፣ የተማረ ሰው ብቻ ሚገባበት ይመስላቸዋል። እንደሱ አይደለም ልጄ፣ ገብተሽ ጠይቂ።

አዲስ አበባ ስለሆንሽ ሦስት ቦታ ልጠቁምሽ። አንደኛው ወመዘክር ነው፣ አሁን የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ሚባለው። ከ1936 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ የመንግሥትን ሕትመት ማሰባሰብ ሥራው ነው። ሁለተኛው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የሕግ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ሦስተኛው እዛው ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተማሪ ስላልሆንሽ በር ላይ ሊጠይቁሽ ይችላሉና መታወቂያና የድጋፍ ደብዳቤ ብትይዢ አይጎዳም፣ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽም ብታጣሪ ጥሩ ነው።

ስትጠይቂ "አዋጅ 47 አለ ወይ" አትበዪ። "የነጋሪት ጋዜጣ የ34ኛ ዓመት ጥራዝ፣ የ1967 ዓ.ም." በዪ። ችሎት የነገረሽ ቁጥር ወርቅ ነው፣ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው በዓመት ነው እንጂ በአዋጅ አይደለም። የአንድ ዓመት ጋዜጣ አንድ ላይ ተጠርዞ ነው ሚቀመጠው፣ ከባድ ነው፣ በሁለት እጅሽ ተቀበዪ።

ጥራዙን ስታገኚ እንዳትቸኩዪ። መጀመሪያ አርዕስቱ ያለበትን የፊት ገጽ ፎቶ አንሺ፣ ዓመቱ ቁጥሩና ቀኑ አንድ ላይ እንዲታይ። እሱ ገጽ ከሌለ የቀረው ሁሉ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ወረቀት ነው። ቁጥሩ በግዕዝ አኃዝ ሊሆን ይችላልና ፴፬ እና ፵፩ ምን እንደሚመስሉ አስቀድመሽ ልመጂ። ከዛ እያንዳንዱን ገጽ በተርታ አንሺ፣ የገጽ ቁጥሩን ተከታተዪ። ነጋሪት ላይ የገጽ ቁጥር ከአንዱ ጋዜጣ ወደ ሌላው ይቀጥላል እንጂ በየጋዜጣው ከ1 አይጀምርም፣ ስለዚህ መሃል ላይ የተቀደደ ቅጠል ካለ ቁጥሩ ይነግርሻል። ያ ከ12 ወደ 15 የዘለለው ፋይልሽ ምናልባት እንዲህ ቅጠል ከጎደለው ቅጂ የተገለበጠ ነው።

አንድ ነገር ደሞ ልብ በዪ። ገጹ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ በግራ አማርኛ በቀኝ እንግሊዝኛ። ጥራዙ ሲገለጥ በቀኝ በኩል ባለው ገጽ አማርኛው ወደ ስፌቱ ይገባል። ሰዎች ጥራዙን በደንብ ሳይከፍቱት ከላይ ፎቶ ያነሱና ቤት ሲደርሱ የእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ፊደል ተቆርጦ ያገኙታል። ያ የተቆረጠው ፎቶሽም እንደዛ ሳይሆን አይቀርም። ሠራተኛዋን ጥራዙን በቀስታ እንድትይዝልሽ ለምኚያት እንጂ ራስሽ ጫን እንዳታረጊው፣ የ1967 ወረቀት ይሰበራል። ጣትሽንም እያራስሽ ገጽ አትግለጪ።

በመጨረሻ ከቁጥር 41 በኋላ ያሉትንም ጋዜጦች አገላብጪ። አንዳንዴ ማረሚያ ይወጣል፣ አንድ ቃል ወይ አንድ ቁጥር ተሳስቶ ታትሞ በኋላ ሚስተካከልበት ማለት ነው። ማረሚያውን ያላየ ሰው የተሳሳተውን ይዞ ይከራከራል።

ባለ ቴሌግራም፦

ይቅርታ አርጉልኝና ግን ለምንድነው ይሄ ሁሉ ድካም? በዚህ ዘመን ሁሉም አዋጅ ቴሌግራም ላይ አለ። እኔ ቻናል ላይ ከሺ በላይ ፒዲኤፍ አውርጃለሁ፣ ልላክልሽ።

ችሎት፦

@ባለ ቴሌግራም ወንድሜ ሀሳብህ ቅን ነው፣ እኔም ቴሌግራም እጠቀማለሁ፣ ለማንበብ ያህል በጣም ጥሩ ነው። ግን አንድ የገጠመኝን ልንገርህ። ከጥቂት ዓመት በፊት ለአንድ ከሥራ ለተባረረ ደንበኛዬ ከቴሌግራም ያወረድኩትን አዋጅ ይዤ ቀረብኩ። ንጹሕ ፒዲኤፍ ነበር፣ ማውጫ አለው ሁሉ ነገር አለው። የሌላኛው ወገን ጠበቃ ተነስቶ "የጠቀሱት አንቀጽ በታተመው ሕግ ላይ እንደዚህ አይልም" አለ። ልክ ነበር፣ እኔ የያዝኩት ረቂቁ ነው፣ ፓርላማ ከመጽደቁ በፊት የተበተነው። ደንበኛዬ እዛው ቁጭ ብሎ ነበር፣ ፊቱን እስካሁን አልረሳውም። ከዛ ቀን ጀምሮ የጋዜጣውን የፊት ገጽ ሳላይ አንድም ሕግ ጠቅሼ አላውቅም።

ሌላው ችግር ዓመቱ ነው። የገቢ ግብሩ አዋጅ 979/2008 ነው፣ እንግሊዝኛው ላይ ግን 979/2016 ይላል፣ አንድ ሕግ ነው። ሰው ግን 2008ን ፈረንጅ አርጎ ያነበውና የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጥራል። የአሠሪና ሠራተኛውም 1156/2011 እና 1156/2019 እየተባለ እንደ ሁለት ሕግ ሲጠቀስ አይቻለሁ። የተሻረውን 377/1996 ዛሬም እንደሚሠራ አርገው ሚልኩ ቻናሎችም አሉ።

የቅርብ ዘመኑን ከሆነ ከተወካዮች ምክር ቤትና ከፍትሕ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ማውረድ ይሻላል፣ የጋዜጣውን ስካን ስለሚያወጡ። ሰበር ውሳኔዎችን ደሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቅጽ እያረገ ያወጣል። አንድ ደሞ ሁሌም ማይረሳ፣ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ቋንቋ ነው ሚወጣው፣ ሁለቱ ሲጋጩ አማርኛው ነው ገዢው፣ በአዋጅ 3/1987። እንግሊዝኛውን ብቻ አንብቦ መከራከር አደጋ አለው። የ1967 ግን ድረ ገጽ ላይ ሙሉውን ማግኘት ይከብዳል፣ እዛ ጋ ቤተ መጻሕፍት የግድ ነው።

ብዙ የገባኝ፦

እግረ መንገዴን ልጠይቅ፣ መመሪያዎችስ? መሥሪያ ቤት ስንሄድ "መመሪያው አይፈቅድም" ይሉናል፣ መመሪያው የት ነው ስንል ማንም አያሳየንም። ነጋሪት ላይ ይወጣል?

ችሎት፦

@ብዙ የገባኝ ጥሩ ጥያቄ ነው። አዋጅን ፓርላማው ያወጣል፣ ደንብን የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ሁለቱም ነጋሪት ላይ ይወጣሉ። መመሪያን ግን ራሱ መሥሪያ ቤቱ ነው ሚያወጣው፣ ነጋሪት ላይ አይወጣም። ለዛ ነው ለረጅም ጊዜ መመሪያ ማለት በኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ያለ ወረቀት የነበረው። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁ 1183/2012 ይሄን ለመቀየር ነው የወጣው፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ፍትሕ ሚኒስቴር (ያኔ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ) ጋ ተመዝግቦ ቁጥር ማግኘትና ድረ ገጽ ላይ መጫን አለበት። ስለዚህ በሚቀጥለው "መመሪያው አይፈቅድም" ሲሉህ "የምዝገባ ቁጥሩን ይንገሩኝ" በላቸው። ብዙ ጊዜ ንግግሩ እዛ ጋ ይቀየራል።

የሜሪላንዱ፦

ሰላም ነው የጉለሌዋ። እኔ አሜሪካ ነው ያለሁት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም አልርቅም። እዚህ ያለን ሰዎች ምንጠቀምበት ነገር ስላለ ልንገርሽ፣ ምናልባት ለሌላም ሰው ይጠቅማል።

አባቴ ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ ሲቪል ሰርቪስ የሰራ ሰው ነው፣ የጡረታ ጉዳይ ነበረው፣ በ1950ዎቹ የወጣ የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ፈልግልኝ አለኝ። እኔ የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ምን እንደሆነም አላውቅም ነበር፣ በንጉሡ ጊዜ አዋጅ ብቻ ሳይሆን ድንጋጌ፣ ትእዛዝ፣ የሕግ ክፍል ማስታወቂያ እየተባለ ሁሉም በየራሱ ቁጥር ይወጣ እንደነበር ያኔ ነው ያወቅኩት። እህቴ አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ተመላለሰች አጣችው። በኋላ የሥራ ባልደረባዬ ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ሞክር አለኝ። እኔ ለአሜሪካ ሴናተሮች ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ማንም ሰው ፎቶ ያለው መታወቂያ ወይ ፓስፖርት ይዞ ሄዶ የአንባቢ ካርድ በነጻ ያወጣል። የሕጉ ቤተ መጻሕፍት ማዲሰን ሕንጻ ውስጥ ነው። ናይሮቢ ቢሮ አላቸው፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ (በፈረንጅ) ከምሥራቅ አፍሪካ ሕትመት እየሰበሰበ ሚልክ፣ የኢትዮጵያንም ይጨምራል።

መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ላይብረሪያን ጠይቁ ሚል ገጽ አላቸው፣ እዛ ጻፍኩላቸው፣ ዓመቱንና ቁጥሩን ሰጠኋቸው፣ ጥራዙ እንዳለ ነገሩኝ። ሄድኩ። ጥራዙን ጠረጴዛ ላይ ሲያመጡልኝ አማርኛ ፊደል ሳይ እውነት ለመናገር እንባዬ መጣ፣ ስንት ሺ ማይል ርቆ የአባቴ ዘመን ወረቀት እንደዛ ተጠብቆ ተቀምጦ። የፈለግኩት ማስታወቂያ ነበረ። በስልኬ ፎቶ አንስቼ በዛው ቀን ለእህቴ ላክሁላት፣ አባቴ አጉሊ መነጽር ይዞ ሲያነብ ያሳየኝ ቪዲዮ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ።

እንግሊዝ ያሉ ደሞ ለንደን ሶአስ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ የኢትዮጵያ ክምችቱ ጥሩ ነው። እኔ በቀጣዩ ሳምንት ዲሲ ስለምሄድ 34ኛ ዓመት ቁጥር 41ን አይልሻለሁ። እዛ ያገኘሽው ገጽ ላይ ያልተነበበ ነገር ካለ ንገሪኝ፣ ያንን ገጽ አነሳልሻለሁ።

የጣናው፦

እኔ ባሕር ዳር ነኝ፣ ጥያቄዋ የፌዴራል ስለሆነ ብዙ ማልለው የለም። ግን ክልል ውስጥ ላላችሁ፣ ክልሎች የራሳቸው ጋዜጣ እንዳላቸው አትርሱ። የአማራ ክልል "ዝክረ ሕግ" ነው ሚባለው፣ ኦሮሚያ "መገለታ ኦሮሚያ"፣ አዲስ አበባ ራሷ "አዲስ ነጋሪ ጋዜጣ" አላት። እኔ የመሬት ጉዳይ ይዤ ስድስት ወር ፌዴራል ነጋሪት ውስጥ ስፈልግ ነበር፣ ሕጉ ዝክረ ሕግ ላይ ነበር። ማንም አልነገረኝም። የጉለሌዋ አንቺም ካርታ ምታወጪው ከከተማው ስለሆነ የአሁኑን ደንብ አዲስ ነጋሪ ላይም እዪ።

ካታሎግ፦

የጣናው እውነት ብሏል። አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ ሰዎች አንዳንዴ ሕጉን ብቻ ይዘው የቤቱን ፋይል ሳይፈልጉ ይቀራሉ። ደብዳቤሽ ላይ ኪራዩ 35 ብር ነው ብለሻል አይደል? ይሄ ትንሽ ነገር አይምሰልሽ። በዛ ጊዜ ከተወረሱት ቤቶች ውስጥ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት በቀበሌ ነው ይተዳደሩ የነበረው፣ ከዛ በላይ የነበሩት ደሞ በኪራይ ቤቶች፣ አሁን የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሚባለው። የ35 ብር ቤት የቀበሌ ቤት ነው። ስለዚህ የኋለኛው ቤት ማህደር መፈለግ ያለበት ቀበሌው የተጠቃለለበት ወረዳ ነው፣ ኮርፖሬሽኑ ጋ ሄደሽ ቀን እንዳታባክኚ።

የጉለሌዋ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሐሙስ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ፣ እናቴንም ይዤ። እናቴ በር ላይ ስትደርስ ልክ እትዬ ካታሎግ እንዳሉት "እኔ እዚህ ልጠብቅሽ" አለችኝ፣ እጇን ይዤ አስገባኋት። "የነጋሪት ጋዜጣ የ34ኛ ዓመት ጥራዝ" ስል ልጅቷ ምንም ሳትጠይቀኝ ተነስታ ሄደች። እውነት ነው ምላችሁ ያቺን ዓረፍተ ነገር መንገድ ላይ ሃያ ጊዜ ሳልደግማት አልቀርም።

ጥራዙ ጥቁር ሽፋን ነው፣ ጀርባው ተላጧል፣ ሲከፈት የድሮ ሳጥን ይሸታል። ገጾቹ ጠርዛቸው ቡና መስሏል መሃሉ ግን ይነበባል። ቁጥር 41ን አገኘሁት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967። የፊቱን ገጽ መጀመሪያ አነሳሁ፣ ከዛ በተርታ። በቀኙ ገጽ ያለው አማርኛ እውነትም ስፌቱ ውስጥ ገብቷል፣ ልጅቷ ያዘችልኝ። ያ የወርድ ፋይል የዘለላቸው አንቀጽ 13ና 14 አሉ፣ ሙሉ ናቸው።

እናቴ መነጽሯን አርጋ ራሷ አነበበችው። ሰውዬው "በሙሉ ተወርሷል" ያላት ነገር ከሕጉ ጋር አይሄድም። መሬቱን በተመለከተ የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆኗል ይላል፣ ይሄ የሁሉም ሰው ነው የእኛ ብቻ አይደለም። ቤትን በተመለከተ ግን አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ሊኖረው እንደሚችል በግልጽ ይላል፣ ለመኖሪያ ሚሆን ቦታም እስከ 500 ካሬ ሜትር። የእኛ ግቢ ከነኋለኛው ቤት እንኳን 500 አይሞላም። እናቴ ያንን መስመር ሁለቴ አነበበችውና "እናቴ ሁሌ አንዱ የኔ ነው ትል ነበር" አለች፣ ከዛ ዝም አለች።

ማረሚያም አለ ብዬ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያለውን አገላበጥኩ፣ ስለኛ አዋጅ ምንም አላየሁም። አንድ ገጽ ላይ ግን ቀለም ፈሶበት ሁለት መስመር አይነበብም። @የሜሪላንዱ ወንድሜ አስቸገርኩህ፣ ከፊት ገጹ ስትቆጥር አምስተኛው ገጽ ነው፣ የታችኛው ክፍል፣ አማርኛው።

ችሎት፦

እንኳን ደስ ያለሽ። ግን እንደ ወንድም ልምከርሽ፣ በዚህ ብቻ ተማምነሽ እንዳትሄጂ። 47/1967 የዛን ጊዜውን ይነግርሻል፣ ዛሬ ካርታ ሚሰጥበት ግን የአሁኑ ሕግ ነው፣ የሊዝ አዋጁን 721/2004ና የከተማውን ደንብ አብረሽ አንብቢ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የእናንተ ክርክር የመሬት ባለቤትነት አይደለም፣ የፊተኛው ቤት ትርፍ ቤት ተብሎ አያውቅም ነው። ለዛ ደሞ ማስረጃው የቀበሌው ማህደር ነው።

ማህደሩን በቃል አትጠይቂ። በጽሑፍ ጠይቂ፣ ቀን ያለው፣ አንድ ቅጂ ላይ ገቢ ማህተም አስደርጊ። መረጃ የማግኘት መብት በአዋጅ 590/2000 አለ፣ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ካልመለሱ ወይ ከከለከሉ እንባ ጠባቂ ተቋም ጋ መሄድ ይቻላል። ደብዳቤው ላይ "የትኛው ቤት በየትኛው ቀን በየትኛው አንቀጽ እንደተወረሰ" ብለሽ ለይተሽ ጠይቂ።

የሜሪላንዱ፦

የጉለሌዋ፣ ዛሬ ሄጄ ነበር። አምስተኛው ገጽ እዚህ ንጹሕ ነው፣ ሁለቱም መስመር ይነበባል። የፊት ገጹንም አብሬ አንስቻለሁ፣ ዓመቱና ቁጥሩ እንዲታይ። በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ፣ እማማን ሰላም በይልኝ።

የጉለሌዋ፦

ደርሶኛል! እናቴ "የማን ልጅ ነው፣ እግዜር ያክብረው" ብላለች። ያንተንና የኔን ገጽ ጎን ለጎን አርገን አየናቸው፣ ፊደል በፊደል አንድ ናቸው። ማመልከቻውን ችሎት ባለው መንገድ ጽፌዋለሁ፣ በሁለት ቅጂ። ሰኞ ጠዋት ወረዳ እንሄዳለን፣ እናቴ ራሷ ናት ምታስገባው።